የአምቡሊው ባለ ሁለት ምድጃ ቤት

ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ሥራ አልሠራም። ጉልበቴ ከእሳት ዳር ቁጭ ብድግ ማለቱን እምቢ ሲለኝ የምግብ ቤቱን ቁልፍ ለእህቴ ልጅ ለአልማዝ ሰጥቼ ቤቴ ገባሁ። አልማዝ ቁልፉን እንደ ተቀበለች፣ «አክስቴ፣ እትዬ አስካለ የምትያቸው ሴት ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልነግራት ሞከርኩ። በቃል ሲነገር ግን ያጥርብኛል፤ ሴትዮዋ ደግ ብቻ፣ ምግባቸውም ጣፋጭ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፉን መረጥኩ። ጊዜ እንደሆነ አሁን አለኝ።

አባቴ አናጢ ነበር። ሐዲዱ ሲዘረጋ ከሸዋ ወርዶ ጅቡቲ ቀረ፤ እኔም የተወለድኩት እዚሁ፣ የባቡሩ ፉጨት በሚሰማበት የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። የፈረንጅ መነኮሳት ትምህርት ቤት አስገብቶ እስከ ላይኛው ክፍል አስተማረኝ። ሴት ልጅ ይህን ያህል ተምራ ምን ልትሠራበት ነው የሚሉት ብዙ ነበሩ። እውነትም የምሠራበት አልነበረም። ፈረንሳይኛ አንብቤ፣ የዓለምን ወንዞች በቃሌ አጥንቼ ስጨርስ ያገኘሁት ሥራ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር በአንድ ፈረንሳዊ ሹም ቤት ገበታ ማቅረብ ነበር።

የቤቱ ማዳም ክፉ አልነበረችም። ሳህን ሲቀመጥ ድምፅ እንዳይሰማ፣ ውሃ ሲቀዳ እንዳይንጠባጠብ አስተማረችኝ። ከሁሉም በላይ ግን እዚያ የተማርኩት ሰው ሲበላ ከኋላው መቆምን ነው። የጠገበ ሰውና የተናደደ ሰው ጀርባቸው አይመሳሰልም። ሹሙ ወደ አገሩ ሲዛወር እኔም ወጣሁ።

ቀጥሎ አደባባዩ ላይ በአንድ ግሪክ ቡና ቤት ገባሁ። ሙሴ ያኒ እንለው ነበር። የመርከብ ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ ባቡር የሚጠብቁ መንገደኞች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቀኑን ያሳልፉ ነበር። በረዶ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። በጆንያ ተጠቅልሎ መጣ፤ ጆንያው ሲገለጥ እንደ መስተዋት የጠራ ድንጋይ ሆኖ ጭስ የመሰለ ነገር ይወጣው ነበር። ደጅ ነፋሱ እንደ እቶን ይነፍሳል። በእጄ ብነካው ያቃጠለኝ መስሎኝ ለቀቅኩት። ዝም ብዬ ቆሜ ሳየው ሙሴ ያኒ ከኋላዬ መጥቶ፣ «ብርቄ፣ ስበሪው እንጂ! እያየሽው እያለቀ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ በረዶ ሰብሬአለሁ፤ መጀመሪያ የነካሁት ቀን የተሰማኝ ግን አልለቀቀኝም።

ሙሴ ያኒ ቡና ቤቱን ሸጦ አዲስ አበባ ወጣ። ያን ጊዜ ነው አንድ የአባቴ ወዳጅ፣ «አምቡሊ አንዲት ሴት ምግብ ቤት አላት፤ እሑድ እሑድ ፈረንጆች በጋሪ ስለሚመጡባት ቋንቋ የምታውቅ ልጅ ትፈልጋለች» ያለው። የደመወዙ ነገር ብዙም የሚወራ አልነበረም። ሄድኩ።

አምቡሊ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ደረቁን የወንዝ አሸዋ ተከትሎ ያለ ሰፈር ነው። ያኔ የአትክልት ቦታ ነበር። ጅቡቲን ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። ከተማችን ጨውና ነጭ የባሕር ድንጋይ ነው፤ ዓይን ከብርሃኑ የሚያርፍበት አጥቶ ይውላል። እኔም እዚያው ተወልጄ አድጌ አረንጓዴን ነገር የማውቀው በመጽሐፍ ነበር ማለት ይቻላል። ያን ቀን ከጋሪ ወርጄ የተምሩን ዛፎች ሳይ ሥራ ፍለጋ መምጣቴን ረሳሁ። ከዛፎቹ ሥር ሎሚ፣ ከሎሚው ሥር ቲማቲምና ጎመን፣ በመካከሉ የውሃ ቦይ። አንድ የጉድጓድ አፍ ላይ ጎንበስ ብል ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ነካኝ። ከላይ የሚያቃጥል አሸዋ፣ ከሥሩ የሚቀዘቅዝ ውሃ። መሬቱ ውስጥ ሌላ አገር ያለ መሰለኝ።

ሰው ወደዚያ የሚሄደው ሊበላና ሊያርፍ ነበር። ከተምሮቹ ሥር አንድ የመናዊ ሰሌን አንጥፎ ሻይ በወተትና በሄል ያፈላ ነበር። በአሸዋው ዳር የሱማሌ ሴቶች በጭስ በታጠነ ዕቃ የግመል ወተት ይዘው ይቀመጣሉ። ወደ መንገዱ ሲወጣ ሐልዋ የሚሸጥ አለ፤ የጋለ ሐልዋውን በረጅም እንጨት ሲያማስል ላቡ ይንጠባጠብ ነበርና አባቴ አልበላም ይል ነበር። ከነዚህ ሁሉ አለፍ ብሎ፣ ጣሪያው የተምር ቅጠል፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ ረጅም ቤት ነበር። የእትዬ አስካለ ቤት እሱ ነው።

እትዬ አስካለ የመንዝ ሰው ናቸው። ባላቸው በሐዲዱ ሥራ ላይ ስለ ነበር እሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተጓዙ ለሠራተኛው ወጥ ሲሠሩ ኖሩ። ባላቸው በረሃው ውስጥ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ሐዲዱ ወደ ላይ ሲሄድ እሳቸው ወደ ታች ወረዱ። ለምን ወደ አገራቸው እንዳልተመለሱ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «ማን አለኝና» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ቤታቸው ሁለት ምድጃ ነበረው። ይህን ነገር ጠንቅቄ መጻፍ አለብኝ፤ ሁሉም ነገር የተያያዘው ከሱ ጋር ነው። ክርስቲያን የእስላም ሥጋ አይበላም፤ እስላምም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ በከተማው ያለ ምግብ ቤት ሁሉ ወይ የአንዱ ነው ወይ የሌላው። እትዬ አስካለ ግን በሐዲዱ ሰፈር ሁለቱንም ሲያበሉ ኖረዋልና አንዱን መተው አልሆነላቸውም። በቀኝ በኩል የክርስቲያኑ ምድጃ፣ በግራ የእስላሙ። ድስቱ ሁለት፣ ጭልፋው ሁለት፣ ቢላዋው ሁለት፣ የሚታጠብበት ገንዳ እንኳ ሁለት። ጠዋት ከሁለቱ ሥጋ ቤቶች ሁለት ዘንቢል ይመጣል። የእስላሙ በአረንጓዴ ጨርቅ ይታሰራል፤ የክርስቲያኑ እንደ ማተብ በጥቁር ክር። ከዘንቢል ወደ ድስት የሚያስገቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው እንዲነካ አይፈቅዱም።

ሥራቸውን ሳይ ብዙ ጊዜ ቆሜ እቀር ነበር። ወጥ በጭልፋ አይቀምሱም፤ ጠብታውን እጃቸው ጀርባ ላይ አሳርፈው ነው የሚቀምሱት፤ የግራው ምድጃ በግራ እጅ፣ የቀኙ በቀኝ እጅ። ክርስቲያን ናቸውና የግራውን ሥጋ አይቀምሱም፤ ቅቤው ሳይገባ፣ ሥጋው ሳይገባ ቁሌቱን ብቻ ይቀምሱና ከዚያ ወዲያ በመዓዛው ይመራሉ። ያልቀመሱት ወጥ ከቀመሱት ያላነሰ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኝ ነበር። የጉድጓዶቹን ውሃ ሁሉ ያውቃሉ። «ምስር በዚህኛው አይበስልም፤ ጨው አለበት። ለምስር ከጎረቤታችን ከሓጂው ጉድጓድ አምጪ» ይሉኛል። እንግዳ ሲገባ ምን ትበላለህ አይሉም፤ አስቀድመው ውሃ ይሰጡና እስኪጠጣ ይጠብቃሉ። «የጠማው ሰው የራበው ይመስለዋል፤ ከዚያ ይበላና ይታመማል» ይሉ ነበር። ሰው ሁሉ በልቶ ሳይጨርስ አንድም ቀን ሲቀመጡ አላየኋቸውም።

ዘወትር ከሚመጡት ሦስቱን ብቻ ላንሣ። ሓጂ ሳልም ከቤቱ ጀርባ ያለው አትክልት ባለቤት ነው፤ የመናዊ፣ ብዙ ዓመት ሐረር ስለ ኖረ አማርኛው የተስተካከለ፣ ንግግሩ ቁጥብ። አቶ ደምሴ በባቡሩ ላይ ከሰል የሚያነድ የቡልጋ ሰው ነው፤ ድምፁ እንደ ባቡሩ ነው። ጌሌ ደግሞ በአህያ ውሃ ወደ ከተማ የሚያመላልስ ሱማሌ ነው፤ ሳይቀልድ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። አቶ ደምሴ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ይቀመጣሉ። በመካከል ሰው የሚያልፍበት መንገድ አለ። ከወዲያና ከወዲህ ይጨዋወታሉ፤ መሶብና ትሪ ግን ያን መንገድ ተሻግሮ አያውቅም።

«ደምሴ፣ ፊትህን ታጥበህ ና፤ የመጣው ማን እንደሆነ እንድናውቅ» ይለዋል ጌሌ።

«አንተ ደግሞ አህያህን አስገባት፤ ካንተ የተሻለ ታወራለች» ይለዋል ደምሴ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። አንድ በጋ ላይ፣ ከምሲን የሚሉት አቧራማ ነፋስ ለብዙ ቀን ሲነፍስ የሰነበተበት ጊዜ ነበር። ፀሐይዋ ቀልታ፣ ቤቱ በቀን ጨልሞ ነበር። ዘንቢል የሚያመጣው ሰው እንደ ወትሮው ከየምድጃው አጠገብ ማስቀመጡን ትቶ ሁለቱንም ደጃፉ ሥር ጥሎ ሮጠ። እኔ ደጅ ሆኜ ጣሪያው እንዳይነሣ ከገመዱ ጋር እታገል ነበር። እትዬ አስካለ ዘንቢሎቹን ራሳቸው አንሥተው ገቡ።

ቀትር ላይ ቤቱ ሞላ፤ በዚያ ነፋስ ሌላ የሚሄዱበት አልነበረም። ወጡ ወጣ። ሰዎቹ መብላት ጀመሩ። እኔ ጓዳ ስገባ እትዬ አስካለ በግራው ምድጃ ሥር ያለውን ባዶ ዘንቢል ለማጠፍ ጎንበስ ብለው ነበር። እጃቸው ቆመ። ጣታቸው ክሩን እየዳሰሰ በዘንቢሉ አፍ ዙሪያ ቀስ እያለ ዞረ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቀኙ ምድጃ ሄዱና ያኛውን አነሡ።

«ብርቄ፣ ይህ ጨርቅ ምን ቀለም ነው?» አሉኝ።

«አረንጓዴ።»

«ደህና አድርገሽ እዪው።»

«አረንጓዴ ነው፣ እትዬ።»

ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። ሥጋው ተለዋውጧል። እትዬ አስካለ ደግሞ አያዩም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤቱን በእጃቸው፣ በአፍንጫቸውና በእግራቸው ስለሚያውቁት ከጎናቸው የዋልኩት እኔ እንኳ አላወቅኩም ነበር።

ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሥጋው ያው ሥጋ፣ ወጡ ያው ወጥ ነው። የምለውን ሳስብ እሳቸው እጃቸውን ታጥበው፣ መቀነታቸውን አስተካክለው ወጡ። በመካከሉ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ወንድሞቼ፣ እጃችሁን ከገበታው አንሡ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቤቱ ግን ጸጥ አለ። «ዛሬ ሥጋው ተለዋውጧል። የእስላሙ በክርስቲያኑ ድስት፣ የክርስቲያኑ በእስላሙ ድስት ገብቷል። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሌላ የነካው ሰው የለም። ዓይኔ ከድቶኛል፤ መድከሙን እያወቅሁ ዝም ብዬ ነበር።»

የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። አንድ ወጣት ደጅ ወጥቶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። ከግራ በኩል «አስተግፊሩላህ» የሚል ድምፅ ተደጋገመ። አቶ ደምሴ ገበታውን ገፍቶ ተነሣ። እትዬ አስካለን አንቱ እንጂ አንቺ ብሎ አያውቅም ነበር።

«አሰለምሽኝ!» አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ አሰለምሽኝ! ሚስቴ ፊት ምን ብዬ ልቆም? የነፍስ አባቴንስ ምን ልበላቸው?»

ጌሌ ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ፣ «ወላሂ፣ እኔም ዛሬ ቄስ ሆኜ ቤቴ መግባቴ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። እሱም አልሳቀም። ወደ እትዬ አስካለ ዞረና፣ «አባዮ፣ ዝም ብትዪ እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አላቸው፤ አባዮ በሱማሌኛ እህቴ ማለት ነው።

«በልታችሁ ስትነሡ ትመርቁኛላችሁ» አሉት። «ምርቃቱን በየትኛው አፌ አሜን ልበለው?»

ሓጂ ሳልም ቀስ ብሎ ተነሣ። እጁን ታጠበ፣ አፉን ተጉመጠመጠ። «ያ አስካለ» አለ በዐረብ አጠራር፣ «ሳላውቅ ለበላሁት አላህ አይጠይቀኝም። አውቄ ግን እዚህ ቤት ሁለተኛ ሥጋ አልበላም።» ጥምጣሙን ፊቱ ላይ ስቦ ነፋሱ ውስጥ ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። በመጽሐፍ ስለ ብዙ ጀግና አንብቤአለሁ። ያንን የመሰለ ግን አላነበብኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰው አልመጣም፤ የእሑዶቹ ፈረንጆችም በዚያ ሙቀት ከከተማ አይወጡም ነበር። ክርስቲያኖቹ ወደ ቄስ ሄደው ንስሐ ተቀበሉ፤ ጠበል ተረጩ። ሙስሊሞቹ አልተቆጡም፤ ብቻ ሌላ ቤት በሉ። በደጃፋችን ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ አይገቡም። ይህ ከስድብ ይከብድ ነበር። እትዬ አስካለ ግን በየጠዋቱ ሁለቱንም ምድጃ ያነድዱ ነበር። እኔ፣ «ከእንግዲህ ሥጋውን እኔ እለይልዎታለሁ» አልኳቸው። «አንቺ ብትለዪም የሚያምነን የለም» አሉኝ። «ሰው ጠጠር የነከሰበትን ጥርስ አይረሳም።»

የሚበላ ከሌለ ቤቱ ይዘጋል። ቤቱ ከተዘጋ እሳቸው የሚሄዱበት የለም፤ ዓይናቸው እየጠፋ የሰው ቤት ተቀጥረው ሊሠሩ አይችሉም፤ መንዝ የሚቀበላቸው የለም። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አላወራነውም። በመጨረሻ ትልልቆቹን የመዳብ ድስቶች ሊሸጡ ቆረጡ። ገዢው ወደብ አካባቢ ነበርና አንድ ጠዋት ድስቶቹን በጌሌ አህያ ጭነን፣ ጌሌ እየነዳ፣ እሳቸው ክንዴን ይዘው ወረድን።

መንገዳችን በዓሣ አጥማጆቹ ዳርቻ ነበር። ጀልባዎቹ ገና መግባታቸው ነው። እትዬ አስካለ ይህን ያህል ዘመን ባሕር ዳር ኖረው ዓሣ በቤታቸው አስገብተው አያውቁም፤ ሽታውን ይጠሉታል። የደጋ ሰው እንዲህ ነው። ያን ቀን ግን አንድ አጥማጅ ሰው የሚያህል ዓሣ ከጀልባው ጎትቶ እግራችን ሥር አሸዋው ላይ ዘረጋው። ጀርባው ሰማያዊ ነው፣ ሆዱ ብር። ፀሐይዋ ከባሕሩ ላይ ስትወጣ በሱም ላይ ወጣች። እኔ ቆምኩ። እሳቸውም እኔ ስለ ቆምኩ ቆሙ።

«ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው፣ እትዬ። ትልቅ።»

ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከራሱ እስከ ጭራው። አንገቱ ሥር ሲደርሱ እጃቸው ቆመና እንደ ገና ተመለሰ።

«ማን አረደው?» አሉ አጥማጁን። በዐረብኛ ተረጎምኩለት።

ሰውዬው ሳቀ። «ዓሣ አይታረድም፣ እናቴ። ከባሕር ወጣ፣ አለቀ።»

«ማንም ሳይባርክ ትበሉታላችሁ?»

«አባቶቻችንም በሉት።»

ወደኔ ዞሩ። «የኛ ሰውስ? ዓሣ የሚባርክ ቄስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ጣና ዳር ያሉትም ከመረቡ አውጥተው ነው የሚበሉት ይባላል።»

እጃቸውን ከዓሣው ላይ ሳያነሡ ብዙ ቆዩ። ማዕበሉ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፊታቸው ላይ ያየሁትን በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም። ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ ፍጥረት፣ የማንም ቢላዋ ያልነካው፣ የማንም ስም ያልተጠራበት፣ ከደጃችን ሥር ነበር።

«ጌሌ፣ አህያዋን መልሳት» አሉ።

«ድስቶቹስ አባዮ?»

«ድስቶቹም ይመለሱ።»

ከዚያው በቀጥታ ወደ ሓጂ ሳልም አትክልት ሄድን። ሓጂው በወጣትነቱ በአገሩ ዳርቻ ዓሣ በታኑር፣ ማለት ጉድጓድ በመሰለ የጭቃ ምድጃ ውስጥ እየጠበሰ ይኖር እንደ ነበር ሰው ሁሉ ያውቃል። ቦዩን እየከፈተ ሳለ አገኘነው። እትዬ አስካለ የመጡበትን ነገሩት። ቦዩን ከፍቶ እስኪጨርስ አልመለሰም።

«ዓሣ ታውቂያለሽ?» አለ።

«አላውቅም።»

«ታኑርስ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ታውቂያለሽ፣ ያ አስካለ?»

«እሳት።»

ሓጂ ሳልም ሲስቅ ያን ቀን አየሁት። «ታኑር መሥራት መብላት አይደለም» አለ፤ «እሠራልሻለሁ። ስለ መብላቱ ቃል አልገባም።»

እትዬ አስካለ ሁለቱን ምድጃዎች አፈረሱ። ጭቃው ለታኑሩ እንዲሆን ፈልገው ነበር፤ ሓጂው ግን የተቃጠለ ጭቃ አይያያዝም ብሎ ጣለው። ከወንዙ አሸዋ ሥር እርጥብ ሸክላ አስወጣ፤ የፍየል ፀጉር ቀላቅሎ በእግሩ ረገጠው፤ ከመሬት ጀምሮ በእጁ እየደረበ እስከ ደረቱ አደረሰው። እስኪደርቅ ድረስ እርጥብ ጆንያ አለበሰው። እያለፈ በጥፍሩ መታ መታ ያደርግና ያዳምጣል።

ጥበሳውን ለመልመድ ብዙ ዓሣ አቃጥለናል። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፤ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይቀባል፤ በብረት ተወግቶ ከፍሙ በላይ ይንጠለጠላል። ጥቂት ከቆየ ይደርቃል፤ ቶሎ ከወጣ ከአጥንቱ አይለቅም። የመጀመሪያው ከብረቱ ተንሸራቶ ፍሙ ውስጥ ወደቀ። ሓጂው እሳቱን ያያል፤ እኔም አያለሁ፤ እትዬ አስካለ ግን ጆሯቸውን ወደ ታኑሩ አፍ አዘንብለው ይቆማሉ። አንድ ቀን፣ «አሁን አውጪ» አሉኝ። «ገና ነው» አለ ሓጂው። «አውጪ አልኩሽ። ጠብታው መጀመሪያ ይጮኻል፤ ስቡ ሲያልቅ ያንሾካሹካል። አሁን እያንሾካሾከ ነው።» አወጣሁት። ቆዳው ተነፍቶ ነበር፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ በየቅጠሉ ይላቀቃል። ሓጂው አየው። በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል ቃሉ ትዝ አለው መሰለኝ፣ መልሶ አስቀመጠው።

የምንከፍትበትን ቀን ሐሙስ አደረጉት፤ ዓርብ ለሁለቱም ወገን የየራሱ ቀን ነውና። የመካከሉን መንገድ ዘግተው በቦታው አንድ ሰፊ ሰሌን አነጠፉ። በሰሌኑ ላይ አንድ ትሪ አኖሩ። «ሁለት ይሁን እንጂ፣ እትዬ» አልኳቸው። «አንድ» አሉ።

ሰው መጣ፤ ግን አልገባም። ክርስቲያኖቹ በአንድ ተምር ሥር፣ ሙስሊሞቹ በሌላው ሥር ቆመው ይመለከታሉ። ሽታው ደርሷቸዋል። አቶ ደምሴም ነበር፤ ክንዱን አጣምሮ፣ ከሰሉን ከፊቱ ሳይታጠብ። የመጀመሪያውን ዓሣ አውጥቼ ትሪው ላይ ዘረጋሁት፤ ትኩስ ቂጣ አጠገቡ አደረግሁ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ጌሌ ከደጃፉ ራሱን አስገብቶ፣ «አባዮ» አለ፣ «ይሄ ዓሣ ክርስቲያን ነው እስላም?»

«ጠይቀው» አሉት።

መጀመሪያ ከአንደኛው ተምር ሥር፣ ቀጥሎ ከሌላው ሳቅ ተሰማ። ጌሌ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ዓሣው አፍ አስጠጋ፤ አዳመጠና፣ «አላውቅም፣ የባሕር ሰው ነኝ እያለ ነው» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ጨመረ። አቶ ደምሴ አልሳቀም። ግን ክንዱን ፈታ። ገባና ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። ማንንም ሳያይ፣ «እትዬ አስካለ፣ እንደምን ዋሉ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደምሴ። ውሃህን ጠጣ።»

ሓጂ ሳልም በጓሮ በኩል መጣ። ሲገባ አላየሁትም፤ ከደምሴ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ነው ያየሁት። አንደኛው «ቢስሚላህ» አለ። ሌላው አማተበ። ሁለቱም እጃቸውን ባንድ ጊዜ ዘረጉና ባንድ ጊዜ አቆሙ፤ እንደ ተያዩ ቀሩ። ከዚያ ቆረሱ።

አቶ ደምሴ እንዲህ ያለ ዓሣ በልቶ አያውቅም። የፍየል ሥጋ እንደሚጎርስ ጎረሰው። ወዲያው ዓይኑ ፈጠጠ፤ እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። ቤቱ ደነገጠ። ሓጂ ሳልም ግን ቂጣውን በትልቁ ቆርሶ ሳያላምጥ እንዲውጥ ሰጠው፤ ዋጠው፤ የተሰካበት የዓሣ እሾህ ወረደ። ሓጂው ትሪውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። እሾሁን አንድ አንድ እያለ እየለቀመ በሰሌኑ ዳር ያኖራል፤ የጠራውን ሥጋ በጣቱ እየገፋ ወደ ደምሴ በኩል ያደርጋል። ደምሴም እያየ ይጎርሳል። ከደጅ ያሉት አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ።

እትዬ አስካለ በጓዳው በር ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ወደ ሰዎቹ ነው፤ ግን የሚያዩት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ቤቱ በመብላት ጸጥ ብሎ ነበርና ጸጥታው ምን እንደሆነ አልገባቸውም።

«ብርቄ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ምን እያደረጉ ነው?»

«ሓጂ ሳልም ለደምሴ እሾህ እየለቀመለት ነው።»



«ከአንድ ትሪ?»

«ከአንድ ትሪ፣ እትዬ።»

በሩን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ ለቀቁት። ወደ ታኑሩ ዞረው ጆሯቸውን አፉ ላይ አዘነበሉ።

«እንግዲያውስ ቀጣዩን አውጪ» አሉኝ፤ «እያንሾካሾከ ነው።»